ያለንበትና ከበታቻችን ያለው
ለትንሽ ባለሞተር ጀልባ የካርታ መሣሪያ ስለ መምረጥ የቀረበ ታሪካዊ ጽሑፍ

በውሃ ላይ የሚጓዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሁለት ጥያቄዎች ሲከተሉት ኖረዋል። የመጀመሪያው «አሁን ያለሁት የት ነው?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ «ከጀልባዬ በታች ያለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። በየብስ የሚሄድ መንገደኛ ጐዳናውን በዓይኑ ያያል፤ ቢሳሳትም ከመንደር ጎራ ብሎ ይጠይቃል። የውሃ ተጓዥ ግን ከፊቱ የሚታየው አንድ ዓይነት ገጽ ብቻ ስለ ሆነ፣ አንድ ክንድ የሚጠልቀውን ስፍራ መቶ ክንድ ከሚጠልቀው ለይቶ ለማወቅ አይቻለውም።

በዘመናችን የአንዲት ትንሽ ባለሞተር ጀልባ ባለቤት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ የሚመልስለት የሚመስል፣ መጠኑ ከመካከለኛ መጽሐፍ የማይበልጥ መሣሪያ ከሱቅ ሊገዛ ይችላል። ይህም ቻርትፕሎተር የሚባለው ሲሆን፣ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ የጀልባዋን ስፍራ በእስክሪኑ ላይ ባለው የባሕር ካርታ ላይ እያመለከተ የሚያሳይ ነው። ገዢው ከሱቁ መደርደሪያ ፊት ቆሞ የእስክሪኑን ስፋት፣ የቀለሙን ድምቀትና ዋጋውን ሲያነጻጽር ይታያል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ሁለቱ ጥያቄዎች በታሪክ የተመለሱት በተለያየ መንገድ፣ በተለያየ ዘመንና በተለያዩ ሰዎች ድካም መሆኑ ነው። መሣሪያው ሁለቱን መልሶች በአንድ እስክሪን ላይ ስላቀረባቸው እኩል የሚታመኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እኩል አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ልዩነት ከታሪኩ ተነሥቶ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ያለሁት የት ነው?

የአንድ ስፍራ አቀማመጥ በኬክሮስና በኬንትሮስ እንደሚነገር ይታወቃል። ኬክሮስን ማወቅ ለጥንቱ መርከበኛ ብዙም አስቸጋሪ አልነበረም፤ የእኩለ ቀንን ፀሐይ ወይም የሰሜንን ኮከብ ከፍታ በመለካት ያገኘው ነበር። ኬንትሮስን ማወቅ ግን ለብዙ ምዕተ ዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ኖሯል። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር የአንድ ሰዓት ልዩነት 15 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ኬንትሮስን ማወቅ ማለት የተነሡበትን ወደብ ሰዓት በባሕር መካከል ሳያጡ መያዝ ማለት ነበር። የዚያን ዘመን ሰዓት ደግሞ በሚናወጥ መርከብ ላይ በትክክል ሊሄድ አይችልም ነበር።

የዚህ ድንቁርና ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ በጥቅምት 22 ቀን 1707 በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ በሚገኙት የሲሊ ደሴቶች አጠገብ ታይቷል። አድሚራል ክላውድስሊ ሾቨል ይመራው የነበረው የጦር መርከቦች ቡድን ያለበትን ስፍራ ተሳስቶ ከቋጥኝ ጋር በመላተሙ፣ አራት መርከቦች ሰጥመው ከ1,400 የማያንሱ ሰዎች አለቁ፤ አድሚራሉም አብሮ ጠፋ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1714፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ኬንትሮስን እስከ ግማሽ ዲግሪ ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል ዘዴ ላገኘ ሰው 20,000 ፓውንድ ሽልማት እንዲሰጥ ደነገገ።

መፍትሔው የተገኘው ጆን ሃሪሰን ከተባለ፣ በመጀመሪያ አናጢ ከነበረ ሰዓት ሠሪ እጅ ነው። ሃሪሰን ዕድሜውን የሠዋለት አራተኛው ሰዓት በ1761 ወደ ጃማይካ በመርከብ ተልኮ በተፈተነ ጊዜ፣ ከሁለት ወር በላይ ከፈጀው የባሕር ጉዞ በኋላ የተገኘበት ስሕተት 5 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሰዓት ላይ የተመሠረተ ሆነ።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ዛሬም ቢሆን መልሱ በሰዓት ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ባመጠቀች ጊዜ፣ ዊልያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች የሬዲዮ ምልክቱን የድምፅ ለውጥ በመከታተል የሳተላይቷን መንገድ ለማስላት ቻሉ። ነገሩ ሲገለበጥ ደግሞ፣ የሳተላይቷ መንገድ ከታወቀ የአድማጩን ስፍራ ማስላት ይቻላል ማለት ነው። በዚህ ሐሳብ መሠረት የተሠራው ትራንዚት የተባለው ሥርዓት በ1964 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ከዚያም የአቶም ሰዓት የተሸከሙት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ1978 ጀምሮ መምጠቅ ጀመሩ። መሣሪያው ከየሳተላይቱ የተነሣው ምልክት እርሱ ዘንድ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ በመለካት ርቀቱን፣ ከርቀቶቹም ስፍራውን ያሰላል።

ይህ ሥርዓት ለጦር ሠራዊት የታቀደ ነበር። ይሁን እንጂ በመስከረም 1 ቀን 1983 የኮርያ አየር መንገድ አውሮፕላን መስመሩን ስቶ በሶቪየት ክልል ውስጥ ከተመታና 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሕዝብም አገልግሎት ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። በ1995 ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ፤ ሆኖም ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለ ነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ማዛባት በግንቦት መጀመሪያ 2000 እንዲቀር በመደረጉ፣ የአንዲት የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ባለቤት ከ10 ሜትር ብዙም ባልራቀ ትክክለኛነት ያለበትን ስፍራ ለማወቅ በቃ። ዛሬ የሚሸጡ ብዙ መሣሪያዎች ከአሜሪካው ጋር የሩሲያውን ግሎናስና የአውሮፓውን ጋሊሊዮ ይቀበላሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ ተመልሷል ለማለት ይቻላል።

፪. ሁለተኛው ጥያቄ፦ ከበታቼ ያለው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከሰማይ የሚመለስ አልነበረም፤ በእጅ እየዳሰሱ የሚፈልጉት ነገር ነበር። ለብዙ ሺህ ዓመታት የጥልቀት መለኪያው ጫፉ ላይ እርሳስ የታሰረበት ገመድ ነበር። መርከበኛው ገመዱን ይጥላል፤ እርሳሱ ታቹን ሲነካ ርዝመቱን ያነባል። ከእርሳሱ ግርጌ ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ሞራ ይቀባበት ስለ ነበር፣ ሲወጣ የተጣበቀውን አሸዋ፣ ጭቃ ወይም የዛጎል ስባሪ አይቶ የታቹን ዓይነት ይረዳል። ቀላል ዘዴ ቢመስልም፣ አንድ የገመድ ውርወራ የሚመሰክረው እርሳሱ ስላረፈበት ስለ አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። በሁለት ውርወራዎች መካከል ስላለው ቋጥኝ የሚናገረው አንዳች የለም።

እነዚህን ምስክርነቶች ሰብስቦ በካርታ ለማውጣት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1795 የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ አሌክሳንደር ዳልሪምፕልን ሾመበት። ለእኛ ቅርብ ከሆነው ባሕር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የእንፋሎት መርከብ ከቦምቤይ ወደ ስዊዝ እንዲመላለስ በታሰበበት ጊዜ፣ የቀይ ባሕር የኮራል ቋጥኞች ለመርከብ ሁሉ የሚያሰጉ ነበሩ። ስለዚህ ከ1829 ጀምሮ ሮበርት ሞርስቢና ቶማስ ኤልዎን የተባሉ መኮንኖች ፓሊኑረስና ቤናሬስ በተባሉ መርከቦች ለጥቂት ዓመታት እየተዘዋወሩ፣ በጽኑ ሙቀትና በበሽታ መካከል ባሕሩን በእርሳስ ገመድ እየለኩ ካርታ አወጡለት። የዚያ ልኬታ ውጤት በቀይ ባሕር ለሚያልፉ መርከቦች ለብዙ አሥርተ ዓመታት መመሪያ ሆኖ አገልግሏል። ሥራው ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ገመዱ ያልወደቀበትን ስፍራ ማንም አላየውም።

ከ1920ዎቹ ወዲህ የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ልኮ የሚመለስበትን ጊዜ በመቁጠር ጥልቀትን የሚለካ መሣሪያ ተስፋፋ። ከ20ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ሞገዶችን በመልቀቅ ሰፊ የሆነ የባሕር ታች የሚዳስስ መሣሪያ ተሠራ። ሆኖም ባሕሩ ሰፊ፣ ሥራውም ውድ በመሆኑ አሮጌው ልኬታ በአንድ ጊዜ ሊተካ አልቻለም። በ21ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ እንኳ በባለጸጋይቱ አሜሪካ የባሕር ካርታዎች ላይ ከሚገኙት የጥልቀት አኃዞች ከግማሽ በላይ የሆኑት ከ1940 በፊት የተለኩ እንደ ነበሩ የአገሪቱ የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት ራሱ ሲናገር ቆይቷል።

፫. ሁለቱ መልሶች በአንድ እስክሪን ላይ

በ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በጣልያን አገር የተቋቋሙት ናቪዮኒክስና ሲማፕ የተባሉ ድርጅቶች የወረቀቱን የባሕር ካርታ ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለውጠው፣ በትንሽ ካርድ ለትንንሽ ጀልባዎች ማቅረብ ከጀመሩት መካከል ነበሩ። ካርታው በሁለት ዓይነት መንገድ ይዘጋጃል። አንደኛው የወረቀቱ ካርታ እንዳለ ፎቶግራፍ ሆኖ የሚቀርብበት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ የጥልቀት አኃዝ፣ እያንዳንዱ መብራትና ቋጥኝ በየራሱ ተመዝግቦ፣ መሣሪያው እንደ አስፈላጊነቱ እየመረጠ የሚያሳይበት ነው። የሁለተኛው ዓይነት ካርታ ቀልጣፋና ንጹሕ በመሆኑ ዛሬ የበላይነቱን ይዟል። ነገር ግን «እየመረጠ ያሳያል» ማለት እየመረጠ ይሰውራል ማለትም እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም።

ይህን እውነት የሚያስረዱ ሦስት ታሪኮች አሉ። ሦስቱም የደረሱት በትልልቅ መርከቦችና በሠለጠኑ መርከበኞች ላይ ነው።

በሰኔ 10 ቀን 1995 ሮያል ማጀስቲ የተባለች የመንገደኞች መርከብ ከ1,500 በላይ ሰዎችን ይዛ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ስትጓዝ ከናንተኬት ደሴት አጠገብ ካለ የአሸዋ ደለል ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ነገሩ ሲመረመር፣ ጉዞው እንደ ተጀመረ ብዙም ሳይቆይ የጂፒኤሱ አንቴና ሽቦ ተላቆ እንደ ነበረ ታወቀ። መሣሪያው ምልክት ሲያጣ በፍጥነትና በአቅጣጫ ግምት ብቻ መሥራቱን ቀጠለ፤ ይህንኑም በትንንሽ ፊደላት ቢያመለክት ያስተዋለው አልነበረም። መርከቢቱ በ34 ሰዓት ጉዞ 17 የባሕር ማይል ያህል ከመስመሯ ወጥታ ነበር። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው፣ የጥልቀት መለኪያው የማስጠንቀቂያ ደወል በዜሮ ሜትር ላይ ተደርጎ መገኘቱ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሷል ተብሎ ስለ ታመነ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነበር።

በጥር 17 ቀን 2013 ደግሞ ጋርዲያን የተባለች የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፈንጂ ጠራጊ መርከብ በፊሊፒንስ ቱባታሃ በተባለው የኮራል ቋጥኝ ላይ ወጣች፤ ከዚያም ልትድን ስላልቻለች በስፍራው ተቆራርጣ ተነሣች። መርከበኞቹ ሲከተሉት የነበረው የኤሌክትሮኒክ ካርታ ቋጥኙን ከእውነተኛው ስፍራ 8 የባሕር ማይል ያህል አርቆ አስቀምጦት ነበር። በሌላ ካርታ ላይ ግን ስፍራው በትክክል ተመልክቶ ነበር። መርከቢቱ ያለችበትን ታውቅ ነበር፤ ያላወቀችው ቋጥኙ ያለበትን ነው።

ሦስተኛው በኅዳር 29 ቀን 2014 በዓለም ዙሪያ የመርከብ ውድድር ላይ የነበረችው ቬስታስ ዊንድ በሕንድ ውቅያኖስ፣ ከሞሪሸስ ሰሜን ምሥራቅ፣ ካርጋዶስ ካራሆስ በተባሉት ቋጥኞች ላይ በሌሊት የወጣችበት ነው። ዘጠኙ መርከበኞች ተርፈዋል። ቋጥኞቹ በካርታው ውስጥ ተመዝግበው ነበር፤ ነገር ግን አደጋው በእስክሪኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው ካርታው ቀረብ ተደርጎ ሲታይ እንጂ በሰፊው ሲታይ አልነበረም።

ሽቦ፣ ካርታና የእይታ ስፋት፤ ሦስቱ የስሕተት ምንጮች እነዚህ ናቸው። በእነዚህ ላይ አራተኛ የሚሆነው የልኬታው መነሻ ነው። ጂፒኤስ ስፍራን የሚናገረው በራሱ ዓለም አቀፍ መነሻ ሲሆን፣ ብዙ አሮጌ ካርታዎች የተሠሩት በሌላ መነሻ ነው። ይህ ነገር ለአገራችን ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። ከ1957 እስከ 1961 በዓባይ ተፋሰስ የተካሄደው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የጋራ ቅየሳ የተመሠረተው አዲንዳን በተባለው መነሻ ላይ ስለ ነበር፣ በዚሁ መነሻ የተሠራ ካርታ ላይ የጂፒኤስን አኃዝ ሳያስተካክል የሚያሰፍር ሰው ከ100 ሜትር በላይ ይሳሳታል። በየብስ ላይ 100 ሜትር ትንሽ ነው፤ በቋጥኝ አጠገብ ግን የመዳንና የመስጠም ልዩነት ነው።

፬. እንግዲህ እንዴት ይመረጥ?

ከላይ የተተረከውን ያነበበ ገዢ የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ለመለወጥ ይገደዳል። ስለ እስክሪኑ ከመጠየቁ በፊት ስለ ካርታው ይጠይቃል፦ ይህ መሣሪያ የሚቀበለው ካርታ እኔ የምጓዝበትን ውሃ ይሸፍናል? ጥልቀቱ የተለካው መቼና በምን ዘዴ ነው? ማሻሻያው በየስንት ጊዜ ይወጣል፣ ዋጋውስ ስንት ነው? በመንግሥታት መሥሪያ ቤቶች የሚወጡ የኤሌክትሮኒክ ካርታዎች የልኬታውን ተአማኒነት በደረጃ የሚያመለክት ምልክት አላቸው፤ ገዢው ያሰበው መሣሪያ ይህን ምልክት የሚያሳይ መሆን አለመሆኑን መርምሮ ማየት ይገባዋል።

ካርታው ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጡት ጉዳዮች እንደሚከተሉት ናቸው። በእስክሪን ረገድ፣ ጣሪያ በሌላት ጀልባ ላይ የቀትር ፀሐይ ሲያርፍበት የሚነበብ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከሱቁ ጥላ አውጥቶ ማየት ይበጃል። ሰፊ እስክሪን መግዛት ቅንጦት አይደለም፤ ጠባቡ ብዙ ጊዜ ካርታውን አርቆ ለማየት ስለሚያስገድድ፣ በቬስታስ ዊንድ ላይ የደረሰውን ስሕተት ያቀርባል። እጅ ሲረጥብና ጀልባዋ ስትናወጥ በጣት መዳሰስ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ስለሚያስቸግር፣ ቁልፎችም ያሉት ይመረጣል። ውሃ የመቋቋም ደረጃው አይፒኤክስ 7 የሆነ መሣሪያ በአንድ ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ውሃ እንደማይገባው የተፈተነ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከጀልባዋ ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ራሱን የቻለ ፊውዝ ያለው መስመር ይዘረጋለት፤ የአንቴናውም ስፍራ ሰማይን የሚያይ ይሁን፤ የሽቦው መጋጠሚያ በየጊዜው ይፈተሽ። ከሁሉም በላይ፣ ገንዘቡ የሚበቃ ከሆነ ከታች የድምፅ ሞገድ የሚልክ የጥልቀት መለኪያ ያለው መሣሪያ ይገዛ። ካርታው ትናንት የታየውን ሲናገር፣ ጥልቀት መለኪያው አሁን ያለውን ይናገራልና። ደወሉም ከጀልባዋ የጠለቀ ክፍል በቂ ትርፍ ተሰጥቶት ይስተካከል እንጂ በዜሮ ላይ አይተው።

ስለ ወረቀት ካርታ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። የአሜሪካ የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት በ2019 የጀመረውን ባህላዊውን የወረቀት ካርታ የማስቀረት ሥራ በ2025 መጀመሪያ ላይ ፈጽሟል። የዘመኑ አካሄድ ይህ ቢሆንም፣ ባትሪ ሲሞት ኮምፓስና የታተመ ካርታ ያለው ሰው የሚመለስበትን አቅጣጫ አያጣም።

፭. በጣና ላይ

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር በር የሌላት አገር ብትሆንም፣ ባለሞተር ጀልባ በሐይቆቿ ላይ በየቀኑ ሰው ያመላልሳል። ከሁሉ ሰፊ በሆነው በጣና ላይ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሄደው ምእመንና ጎብኚ የሚሳፈረው በእንደዚህ ዓይነት ጀልባ ነው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው፣ እጅግ የጠለቀው ስፍራ ግን 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለጀልባ የሚያሰጋው እንግዲህ ስፋቱ ብቻ አይደለም፤ የታቹ ቅርበት ጭምር ነው።

በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1937፣ የመጣ የጥናት ቡድን የሐይቁን ጥልቀት ለክቶ ነበር፤ በ21ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታትም በድምፅ ሞገድ መሣሪያ እንደገና ተለክቷል። ይሁን እንጂ የሐይቁ ታች ባለበት አይቆምም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ ደለል ያመጡበታል። ወለሉም ከፍና ዝቅ ይላል፤ የጨረጨራ ግድብ በ1996 ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በከፊል በሰው እጅ የሚመራ ሆኗል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784.75 ሜትር በታች ሲወርድ ለመርከቦች ጉዞ እንደማይመች በጥናት የተመለከተ ሲሆን፣ በ2003 ውሃው እጅግ በቀነሰ ጊዜ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጉሏል። ስለዚህ በጣና ካርታ ላይ «3 ሜትር» የሚል አኃዝ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው የውሃ ከፍታ የተለካ መሆኑ ካልታወቀ በስተቀር። ከ2011 ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭም የትኛውም ካርታ የማያሳየው እንቅፋት ሆኗል።

ለዚህ ችግር አዲሱ ዘመን አንድ መልካም ነገር አምጥቷል። ዛሬ ከሚሸጡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ጀልባዋ ስትመላለስ ጥልቀቱን ከስፍራው ጋር እየመዘገቡ፣ ባለቤቱ የራሱን የጥልቀት ካርታ እንዲያወጣ ያስችሉታል። ለእንደ ጣና ላለ ውሃ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ይህን ችሎታ ከእስክሪኑ ውበት አስቀድሞ ቢፈልግ ብልኅነት ነው። የየዕለቱ ምልልስ ልኬታ ይሆንለታል፤ ቀኑንና በዚያ ቀን የነበረውን የሐይቁን ከፍታ አብሮ ከመዘገበ ደግሞ ሥራው ለሌሎችም ይተርፋል። የጀልባ ነጂዎች በልምድ የሚያውቁት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው የድንጋይና የደለል ዕውቀት በዚህ መንገድ በካርታ ላይ ሊሰፍር ይችላል። የካርታና የቅየሳ ባለሙያዎችም ይህን ምስክርነት ሰብስበው፣ መርምረውና ወደ አንድ መነሻ አምጥተው ቢያወጡት ለተሳፋሪው ሕይወት ታላቅ አገልግሎት ይሆናል።

ሞርስቢና ጓደኞቹ በቀይ ባሕር ሙቀት ገመዱን ሲጥሉ ያወጡት እያንዳንዱ አኃዝ የአንድ ሰው እጅ የነካው ነበር። በእስክሪኑ ላይ የሚታየው አኃዝም አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ የሰጠው ምስክርነት ነው። ቻርትፕሎተር የሚገዛ ሰው ምስክሩ ማን እንደ ሆነና መቼ እንዳየ ይጠይቅ፤ ምስክር በሌለበት ውሃ ላይ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ፣ የጥልቀት መለኪያውን እያየ፣ ተሳፋሪዎቹን በደኅና ያድርስ።